ሳላነበው የመለስኩት ወረቀት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሕግ ተመራቂ፣ «ጋሼ፣ በዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ማስተርሴን ልማር ለንደን ልሄድ ነው፤ ከምርጫ ኮርሶቹ የኢንቨስትመንት ግልግል ይሻለኛል ወይስ የንግድ ፋይናንስ?» ብላ ጻፈችልኝ። ጥያቄዋ ወደ ጥር 2001 ዓ.ም. መለሰኝና ለእርሷ ብቻ ከምመልስ፣ ይህንኑ ትምህርት ለምትመኙ ወጣቶች ሁሉ ልጽፍ ወሰንኩ።

ይህ ምርጫ ለእኔም ቀርቦልኝ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ለንደን ስማር፣ ስለ ኤልሲ (ሻጩ የተጠየቁትን ሰነዶች አሟልቶ ሲያቀርብ ባንክ ሊከፍለው ቃል ስለሚገባበት ደብዳቤ) በሚያስተምረው የንግድ ፋይናንስ ክፍል አንድ ቀን ብቻ ተቀምጬ ወጣሁ። ዩሲፒ 600 የተባለው የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት የኤልሲ ደንብ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሎ ገና ትኩስ ስለነበር፣ መምህሩ አሮጌውንና አዲሱን አንቀጽ በአንቀጽ ያነጻጽሩ ነበር። ነገሩ የባንክ ጸሐፊ ሥራ መሰለኝ፤ መንግሥታትና ኩባንያዎች በሚሊዮን ዶላር የሚካሰሱበትን የኢንቨስትመንት ግልግል ኮርስ መረጥኩ። የመመረቂያ ጽሑፌንም እ.ኤ.አ. በ1980 ቪየና ላይ በተፈረመው የዓለም አቀፍ ዕቃ ሽያጭ ስምምነት ላይ ሠራሁ። በአሥር ሰዓት በሚጨልመው የለንደን ብርድ ራስል አደባባይ አጠገብ ካለው የሕግ ቤተ መጻሕፍት የምወጣው ጥበቃው መብራት ሲያጠፋ ነበር። ያንን ዓመት እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ተመልሼ ቢሮ በከፈትኩ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ አንድ ሰሊጥ ላኪ የሆኑ ትልቅ ሰው ሁለት ወረቀት ይዘው መጡ። አምስት ኮንቴይነር የሁመራ ሰሊጥ ወደ ቻይናዋ ቺንግዳዎ ወደብ ሊልኩ ነው። አንደኛው ወረቀት የሽያጭ ውሉ ነበር፤ ስመኘው የኖርኩት ጉዳይ እጄ ገባ። ቻይና የቪየናው ስምምነት አባል ናት፣ ኢትዮጵያ ግን አይደለችም፤ ቻይና ደግሞ ስምምነቱ በሕግ ምርጫ ደንብ (የየትኛው አገር ሕግ እንደሚሠራ በሚወስነው ደንብ) በኩል አባል ባልሆነ አገር ነጋዴ ላይ እንዳይሠራ የሚያደርግ ተዓቅቦ፣ ማለትም «ይህ አንቀጽ እኔን አይገዛኝም» የሚል መግለጫ፣ አስመዝግባለች። ታዲያ ውሉ በየትኛው ሕግ ይገዛል? በዚህ ላይ ሦስት ገጽ ጻፍኩ፤ ክርክር ቢነሳ በፍርድ ቤት ሳይሆን ተዋዋዮቹ በመረጧቸው ዳኞች ውጭ አገር እንዲታይ የሚል የግልግል ዳኝነት አንቀጽም አረቀቅኩ። ሁለተኛውን ወረቀት፣ በስዊፍት (ባንኮች መልእክት በሚለዋወጡበት መረብ) የደረሰውን የኤልሲ ቅጂ፣ ሳላነበው አጥፌ መለስኩላቸው። «አባቴ፣ ይህ የባንክ ጉዳይ ነው፤ ባንክዎ ያየዋል» አልኳቸው። ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ አስገብተውት አመስግነውኝ ወጡ።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ተመልሰው መጡ። «ልጄ፣ ባንኩ አንድ ነገር ጎደለ አለ» ብለው ኢንቮይሱን ከኤልሲው ጎን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ኤልሲው የዕቃው መግለጫ በሚጻፍበት በ45ኤ መስመር ላይ ዕቃውን «የ2008 (እ.ኤ.አ.) ምርት፣ ነጣ ያለ የሁመራ ሰሊጥ» ይለዋል። ኢንቮይሱ ላይ ግን፣ ከሐምራዊው ማኅተም ከፍ ብሎ፣ «የሁመራ ሰሊጥ» ብቻ ተጽፏል። ባንኮች የሚመለከቱት ሰነድን እንጂ ዕቃውን አይደለም፤ በኢንቮይስ ላይ ያለው የዕቃው መግለጫም ከኤልሲው ጋር መግጠም አለበት። የገዢው ባንክ ለምርመራ በተፈቀዱለት አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ሰነዱን ውድቅ አደረገው። ኢንቮይሱን አርሞ እንደገና ማቅረብ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር፤ ነገር ግን ሰነድ ዕቃው ከተጫነ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ ስላለበትና ያ ቀን ስላለፈ አልተቻለም። በዚያ መሐል የሰሊጥ ዋጋ ወርዷል። ገዢው ስህተቱን አልፎ ዕቃውን ለመረከብ ከባድ ቅናሽ ጠየቀ፤ የወደቡ ኪራይ ደግሞ በየቀኑ ይቆጥራል። የግልግል አንቀጼን አውጥቼ አየሁት፤ ለአምስት ኮንቴይነር ሰሊጥ ባሕር ማዶ መካሰስ ክርክሩ ከሚመልሰው ገንዘብ ይልቅ የሚበላው ይበዛ ነበር። ቅናሹን ተቀበሉ።

እኔን አልወቀሱኝም። ቀሪ ክፍያዬንም ሳይቀንሱ ከፈሉ፤ እኔም ተቀበልኩ። «ያን ወረቀት ያኔ ባነበው ኖሮ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት እነግርዎ ነበር» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ሰውየው ካረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል። ከገንዘቡም በላይ የሚከነክነኝ ያ ዝምታዬ ነው።

የግልግል ዳኝነትን ናቁ ማለቴ ግን አይደለም። እኔ ስማር የነበረው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 461 የውጭ አገር የግልግል ውሳኔ እንዲፈጸም፣ ያ አገርም የእኛን በተመሳሳይ የሚያስፈጽም መሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ አገራችን የውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎችን ስለ ማስፈጸም እ.ኤ.አ. በ1958 የተደረገውን የኒው ዮርክ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ተቀብላለች፤ የግልግል ዳኝነት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ወጥቷል፤ የ1952ቱ ንግድ ሕግም በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 በከፊል ተተክቷል። የእኔ ትውልድ በንድፈ ሐሳብ የተማረውን እናንተ በመዝገብ ላይ ትሠሩበታላችሁ፤ በዚህ እቀናባችኋለሁ።

የማይዋጥልኝ ነገር አለ። ወደ እኔ የሚመጡ ወጣቶች የዩኒቨርሲቲውን ደረጃ በቁጥር ያውቃሉ፣ አርባ ገጽ ውል ሲሰጣቸው ግን ማጠቃለያውን ይጠይቃሉ። ከሄዳችሁ በኋላ ሳይሆን ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ሦስት ዓመት ሥሩ፤ ባንክ የውጭ ንግድ ክፍል ወይም ትራንዚተር ቢሮ ቢሆን ይመረጣል። ሰነድ ሲመለስ ያላየ ሰው ደንቡን አንብቦ አይገባውም። ይህን ስል እኔ ራሴ ከመጀመሪያ ዲግሪዬ በኋላ በቀጥታ እንደሄድኩ አልዘነጋሁም፤ ስኮላርሺፑ ዘንድሮ ከመጣ ደግሞ ለከርሞ አታቆዩት፣ ላይደገም ይችላል። ስለ ማመልከቻና ስለ እንግሊዝኛ ፈተና አልጽፍም፤ እናንተ ከእኔ ትበልጣላችሁ።

ለልጅቷ ሁለቱንም ኮርስ እንድትወስድ፣ አንዱን ብቻ ከሆነ ግን የንግድ ፋይናንሱን እንድትመርጥ ጻፍኩላት። ማክሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ትመጣለች። አንድ ኤልሲ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አብረን እናነባለን፤ የዚያን ሰሊጥ ኢንቮይስ ቅጂም ከፋይሉ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ።