መልስ፦ የምጾመው እናቴ ስለምትጾም ነው

እህቴ፣ «የምጾመው እናቴ ስለምትጾም ነው፤ ታዲያ ይሄ የኔ እምነት ነው?» ላልሽው፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። በ40 ቀኔ ክርስትና ተነሳሁ፤ ማን ጠየቀኝ? ቅዳሴ ላይ ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜ የማስበው ምሳዬን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንድ ረቡዕ ጥብስ አዘዝኩ። ማንም አልተቆጣኝም። ሥጋው ግን አልወርድ አለኝ። ለማን ብዬ ነው የምጾመው አልኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከዚያ የማርቆስን ወንጌል በአማርኛ ጀመርኩ። 16 ምዕራፍ ብቻ ነው። ዮሐንስ 4 ላይ ደግሞ የሰማርያ ሰዎች ስለ ኢየሱስ የነገረቻቸውን ሴትዮ «አሁን የምናምነው ስላንቺ ቃል አይደለም፣ ራሳችን ሰምተናል» ይሏታል። መጀመሪያ የመጡት ግን በእሷ ቃል ነው! ስለዚህ ጾሙን ለመተው አትቸኩዪ። ጥርጣሬሽን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። የኔ አባት አልደነገጡም፤ ሳቁ።