ኒኬል ሰልፌት ዲፒአርኤ (ያለ እንስሳ የቆዳ አለርጂን የሚፈትሽ የላብራቶሪ ቴስት) ላይ ኔጌቲቭ ቢወጣም
"ዲፒአርኤው ኔጌቲቭ ስለሆነ የቆዳ አለርጂ አያመጣም ብዬ ልጻፍ ወይ" ላልከው፣ ኧረ አትጻፍ።

ዲፒአርኤ የሚያየው ኬሚካሉ ከፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) ጋር በኮቫለንት ቦንድ (ኤሌክትሮን በመጋራት) ሲጣበቅ ነው፣ ሜታል ግን በሌላ መንገድ ነው ፕሮቲን የሚይዘው፣ ቴስቱ ለሱ አልተሰራም። የአይጡ ኤልኤልኤንኤ (አለርጂን በአይጥ ሊምፍ ኖድ ላይ የሚያይ ቴስት) አለኝ ብለህም እንዳትዘናጋ፣ ኒኬል እዛም ላይ በውሸት ኔጌቲቭ እየወጣ አስቸግሯል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሰው ፓች ቴስት (ኬሚካሉን ጀርባ ላይ በፕላስተር ለጥፎ ቆዳውን ማየት) ዳታ ፈልግ (5% ኒኬል ሰልፌት በቫዝሊን የተሰራውን)፣ ከዛ የጊኒ ፒጉን፣ ደግሞ ውህድህ በቆዳ ላብ ውስጥ ምን ያህል የኒኬል አዮን እንደሚለቅ ለካ፣ እኔ ከሁሉም እሱን ነው የማየው።

ፓች ቴስት ራሳችሁ የምታሰሩ ከሆነ ግን በ48 ሰዓት አንብባችሁ እንዳትዘጉት። እኛ እዚሁ ባህር ዳር ሚያዝያ ላይ ሞክረን (የጣና ንፋስም አላዳነን) ላቡ የግማሾቹን ፕላስተር አላቀቀው፣ ንጹህ ናት ብለን ያሰናበትናት አንዷ ደግሞ በ7ኛው ቀን ጀርባዋ ቀልቶ መጣች።