የኢንዛይም ምርመራ ኖርማል ሆኖ በሽታው ለምን ይኖራል? ስለ ሳፖሲኖች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ነው ያለሁት፣ ስራዬ ባዮኬሚስትሪ ማስተማር ነው። ስለ ላይሶዞም በሽታዎች የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው፣ ያሻችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ላይሶዞም ውስጥ ኢንዛይም ካለ ሳፖሲን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ምን ሊያደርግ አስፈለገ?

መልስ፦ ላይሶዞም ሴል ውስጥ ያረጀው ሁሉ የሚፈርስበት ቦታ ነው፣ ክርስቲያን ደ ዱቭ እ.ኤ.አ. በ1955 ለአለም ያስተዋወቀው፣ ውስጡ አሲድ ነው፣ ፒኤቹ 5 ገደማ። ኢንዛይሞቹ ውሃ የሚወዱ ናቸው፣ የሚፈርሰው ሊፒድ (ስብ) ግን ሜምብሬን (ስስ ሽፋን) ውስጥ ተቀብሮ ነው ያለው፣ በተለይ የስኳር ሰንሰለቱ አጭር ከሆነ ኢንዛይሙ እጁ አይደርስም። ቅቤ የነካውን ድስት በውሃ ብቻ ስታጥቡት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፣ ሳሙና ካልገባበት አይላቀቅም፣ ሳፖሲኖች የሚሰሩት የሳሙናውን ስራ ነው። ሳፖሲን ቢ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መሃሉ ላይ ሊፒድ የሚገባበት ክፍት ቦታ ይፈጥርና ሊፒዱን ከሜምብሬኑ አውጥቶ ለኢንዛይሙ ያቀርብለታል፣ ሳፖሲን ሲ ደግሞ ሜምብሬኑ ላይ ተለጥፎ ያላላዋል፣ ኢንዛይሙንም እዛው ያነቃዋል።

ጥያቄ፦ ስንት አይነት ናቸው?

መልስ፦ አራት፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ። አራቱም ፕሮሳፖሲን ከሚባል አንድ ረጅም ፕሮቲን ተቆርጠው ነው የሚወጡት፣ ጂኑ ክሮሞዞም 10 ላይ ነው። እያንዳንዳቸው 80 ገደማ አሚኖ አሲድ ብቻ ናቸው ግን በ3 ዳይሰልፋይድ ቦንድ ስለታሰሩ ሙቀት እንኳ በቀላሉ አያበላሻቸውም። ኤ ከጎደለ እንደ ክራቤ፣ ቢ ከጎደለ እንደ ሜታክሮማቲክ ሉኮዲስትሮፊ (ሁለቱም የነርቭ ሽፋን የሚያበላሹ ናቸው)፣ ሲ ከጎደለ እንደ ጎሼ (ጣፊያ የሚያሳብጥና ደም የሚያሳንስ) ያለ በሽታ ይመጣል፣ ዲ የሴራማይድ መፍረስን ነው የሚረዳው። ፕሮሳፖሲን ጨርሶ ከሌለ አራቱም አብረው ይጠፋሉ፣ ህፃኑ ገና ሲወለድ ጀምሮ ይታመማል፣ ብዙ አይቆይም። ከነዚህ ውጪ የራሱ ጂን ያለው ጂኤም2 አክቲቬተር የሚባል አለ፣ እሱ ሲጠፋ ልክ እንደ ቴይ ሳክስ (የህፃናትን አእምሮ የሚጎዳ በሽታ) ነው የሚሆነው፣ ኢንዛይሞቹ ግን ሙሉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከወረታ ነው የምጽፈው፣ የእህቴ ልጅ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ተነፍቷል፣ ደሙም አነሰ ተባለ፣ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ጎሼ የሚል አየሁ፣ እሱ ይሆን?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ እግዜር ይማረው። እኔ ከዚህ ሆኜ ምንነቱን ልነግርህ አልችልም፣ ግን ቅደም ተከተሉን ልንገርህ። እናንተ አካባቢ ጣፊያ ሲያብጥ መጀመሪያ የሚታሰበው ካላዛር ነው፣ ሊቦ ከምከም ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 የታየውን ወረርሽኝ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ከዛ ወባ፣ ከዛ ቢልሃርዚያ፣ የጣና ዳር ልጅ ውሃ ውስጥ ነው የሚውለው። እነዚህ ሁሉም መድኃኒት አላቸው፣ ካላዛር ደግሞ ሳይታከም ከቆየ ይገድላል፣ ስለዚ ጎሼን እያሰባችሁ ቀን አታባክኑ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ፈለገ ህይወት ወይ ጥበበ ግዮን ውሰዱት። እነዚህ ሁሉ ተጣርተው ምንም ካልተገኘ ነው ወደ ጎሼ የሚኬደው። ለካላዛር ተብሎ የሚወሰደው የመቅኒ ናሙና ራሱ ሊጠቁም ይችላል፣ ማይክሮስኮፕ ስር ካላዛር ከሆነ ማክሮፋጁ (ጀርም የሚውጠው ሴል) ውስጥ ጥቃቅን ፓራሳይቶች ታጭቀው ይታያሉ፣ ጎሼ ከሆነ ግን ፓራሳይት የለም፣ ሴሉ ራሱ ተልቆ፣ ኒውክለሱ ወደ ጎን ተገፍቶ፣ የቀረው ቦታ በቀጫጭን መስመር የተሞላ ነው፣ ያ መስመር ያልፈረሰ ሊፒድ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር ነኝ፣ ጎሼ ጠርጥረን ናሙና ወደ ውጪ ልከን ኢንዛይሙ ኖርማል ተብሎ ተመለሰ። ዘጋነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይዘጋም ዶክተር፣ እኔ ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለዚህች ጥያቄ ነው። ላብ ውስጥ ኢንዛይሙ የሚለካው ቲዩቡ ውስጥ እንደ ታውሮኮሌት ያለ የሐሞት ጨው ተጨምሮበት ነው፣ የሚሰጠውም ሰብስትሬት (ኢንዛይሙ የሚያፈርሰው ነገር) ብዙ ጊዜ ሰው ሰራሽ ነው፣ ሜምብሬን ውስጥ የተቀበረ አይደለም። የሳፖሲኑን ስራ ኬሚካሉ ሰራለት ማለት ነው፣ እና በሽተኛው ሳፖሲን ሲ ባይኖረውም ውጤቱ ኖርማል ይወጣል። የታማሚው ላይሶዞም ውስጥ ግን ታውሮኮሌት የሚጨምርለት የለም። በእግሩ ይሄድ የነበረ ልጅ እየተደናቀፈ መሄድ ሲያቆም፣ ኤምአርአይው ሉኮዲስትሮፊ ይመስላል ተብሎ አሪልሰልፋታዝ ኤ (የሜታክሮማቲክ ሉኮዲስትሮፊ ኢንዛይም) ኖርማል ሲሆንም እንደዛው፣ ያኔ ሽንቱ ውስጥ ሰልፋታይድ (ያልፈረሰው ሊፒድ) ይለካ፣ ከበዛ ሳፖሲን ቢን ጠርጥሩ። ለጎሼ ደግሞ የተጠራቀመውን ራሱን ለኩ፣ ላይሶ ጂቢ1 የሚባለው ወረቀት ላይ ከደረቀ የደም ጠብታ ይለካል፣ ከፍ ካለ ኢንዛይሙ ኖርማል ቢሆንም የፕሮሳፖሲን ጂን ይነበብ። ሳፖሲን የጎደላቸው በአለም ላይ በጣም ጥቂት ናቸው የሚባለው እውነት ነው፣ ግን ኖርማል በሚል ወረቀት ስንቱ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ ማን ቆጠረው?

ጥያቄ፦ ቅቤና ጮማ ብናቆም ይቀንስ ይሆን? ፆምስ?

መልስ፦ አይቀንስም እህቴ። ይሄ ሊፒድ ከምግብ አይደለም የሚመጣው፣ ሰውነት ራሱ የሰራው ነው፣ ካረጁ የደም ሴሎችና ከነርቭ ሽፋን። ልጁን ምግብ አትከልክሉት፣ አሳውንም እንቁላሉንም ይብላ።

ጥያቄ፦ የዘር ነው? አንደኛው ልጃችን ታሟል፣ ሌላ መውለድ እንፈራለን።

መልስ፦ አዎ፣ ከአባትም ከእናትም የተበላሸ ጂን ሲገጥም ነው የሚመጣው፣ በእያንዳንዱ እርግዝና 25 በመቶ እድል አለው። ወላጆቹ ራሳቸው ጤነኛ ናቸው፣ ማንም ጥፋተኛ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም፣ ይሄን ለአማቶችም ንገሩልኝ። አባቶቻችን ሰባት ቤት ቆጥረው የሚያጋቡት እንዲህ ያለውን ነገር ይቀንሳል፣ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

ጥያቄ፦ መድኃኒት አለው?

መልስ፦ ኢንዛይሙ ለጎደለው ጎሼ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ኢንዛይሙ በደም ስር ይሰጣል፣ ጣፊያውም ደሙም ይሻሻላል፣ ወደ አእምሮ ግን አያልፍም። ለሜታክሮማቲክም የጂን ህክምና ወጥቷል፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 የፈቀደችው ሲወጣ ዋጋው 4.25 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ሲታሰብ ያማል። ግን ሁለቱም የተሰሩት ኢንዛይሙ ለጎደለ ነው። ሳፖሲን ለጎደለው ያንን ኢንዛይም ብትጨምርለት ኢንዛይሙ ድሮም ነበረው፣ ያጣው ረዳቱን ነው። ስለዚ ከህክምናው በፊት የትኛው እንደጎደለ ተለይቶ መታወቅ አለበት፣ ጂኑ ተነቦ ውጤቱ በእጃችሁ ሳይገባ ቤት መሬት ሸጣችሁ ውጪ ሀገር እንዳትሄዱ።