መልስ፦ በጃንዋሪ ሃሪኬን (ባሕር ላይ የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ይነሳል እንዴ?

«የአትላንቲክ ሃሪኬን ወቅት ከጁን እስከ ኖቬምበር ከሆነ፣ በጃንዋሪ ከየት ይመጣል?» ላልከው፦ ይመጣል፣ ግን ብርቅ ነው። አሌክስ የተባለውን ሃሪኬን እይ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2016 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ካሉት የአዞረስ ደሴቶች በስተደቡብ ሃሪኬን ሆነ። ነፋሱ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር። የሳተላይት ምስሉ ላይ ዓይኑ፣ ማለትም መሃሉ ላይ ያለው ጸጥ ያለ ቦታ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሊጥ ምጣድ ላይ ከዳር ወደ መሃል ሲዞር አይተሃል? ደመናው ልክ እንደዚያ ነው።

የሚገርመው ባሕሩ 22 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ 26 ምናምን ያስፈልጋል። የረዳው የላይኛው አየር ነው። እሱ ከወትሮው በጣም ስለቀዘቀዘ፣ ከታች ያለው እርጥብ አየር እንደ ልቡ ሽቅብ ወጣ። በማግስቱ አሌክስ ከአዞረስ አንዷ የሆነችው ቴርሴይራ ደሴት ሲደርስ ግን ከሃሪኬን ደረጃ ወርዶ ነበር።