ቤቱ ተለቀቀ፤ ብሩስ?

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤት ተከራይተን ሁለት ዓመት ኖርን። ኒካህ አላሰርንም። የመጨረሻውን የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ 18,000 ብር እኔ ነኝ ለአከራይዋ በባንክ ያስገባሁት፤ «ግማሹን ደመወዝ ሲገባ እሰጥሻለሁ» ብሎኝ ነበር። በአራተኛው ወር ተጣላንና ቤቱን ለቀቅን። ውሉ በስሙ ስለሆነ የቀረውን የሁለት ወር 6,000 ብር አከራይዋ ለእሱ መለሱለት። ሌላ 4,000 ብር ለሞባይል መግዣ አበድሬዋለሁ፣ በእጅ። ስደውል «እሺ» ይላል፤ አይሰጥም። (ዘ.፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ ዘ.፣ ብሩን አትደባልቂው። ከአከራይዋ የተመለሰው 6,000 ብድር አይደለም፤ በእጁ የገባ ያንቺው ገንዘብ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሀብት የበለጸገ ሰው እንዲክስ ያዛል። ያስገባሽበትን ስቴትመንት ባንኩ ማህተም አድርጎ ይስጥሽ፤ አከራይዋም ምስክርሽ ናቸው።

የሞባይሉ 4,000 ነው የሚያስቸግረው። በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን ወይም በመሐላ ብቻ ነው። እኔም በወጣትነቴ ለአብሮ አደጌ 700 ብር ያለ ወረቀት አበድሬ፣ ሦስት ምስክር ይዤ ችሎት ቀረብኩ። አንዳቸውም ሳይሰሙ ተመለሱ። አንደኛው ከሐይቅ ከተማ ድረስ የመጣ ነበር፤ ምሳውንም እኔው ጋበዝኩት። ግማሽ ኪራዩንም «ብድር ነው» ካልሽ እዚያው ጣጣ ውስጥ ትገቢያለሽ፤ የቤት ወጪ መጋራት ነው በይ።

ስለዚህ ከክሱ በፊት እሱ የሚያፍራቸውን ሁለት ሽማግሌ ለምኚ። «ታረቁ» ማለታቸው አይቀርም፤ የእኛ አገር ሽማግሌ ቡናው ሳይፈላ ያስታርቃል። መታረቁ ሌላ፣ ብሩ ሌላ በያቸው። ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንዳመሸ አታንሺ። ጠቅላላው 16,000 ብር (የተመለሰለት 6,000፣ ከኖራችሁበት አራት ወር ኪራይ ግማሹ 6,000፣ የሞባይሉ 4,000) በፊደልና በቁጥር ተጽፎ፣ የሚከፍልበት ቀን ሰፍሮ፣ እሱ ይፈርም፤ ሽማግሌዎቹም በምስክርነት ይፈርሙ። በዚያች ወረቀት የሞባይሉም ብድር ማስረጃ አገኘ ማለት ነው።

አልፈርምም ካለ ቀን ቆርጠሽ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጪው፣ ቅጂውን ያዢ፤ ከዚያ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። አከራይዋን ግን ዛሬውኑ ደውዪላቸው፤ ብሩን መቼ፣ በምን እንደመለሱለት ሳይረሱት ጠይቂያቸው።