«ያማክራል»፣ «ይመካከራል» ወይስ «ይወስናል»?

ጥያቄ፦ የድርጅታችንን የውስጥ ደንብ እያረቀቅን ነው። «የሥራ ፈረቃ በሠራተኞች ተሳትፎ ይወሰናል» ብንል ወሳኙ ሠራተኛው መሆኑን ያሳያል? «አውቶኖሚ»ንስ «ራስ ገዝነት» ብንለው?

መልስ፦ አያሳይም። «ይወሰናል» ተደራጊ ግሥ ነው፤ ባለቤቱ ፈረቃው ነው፣ ወሳኙ ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ወጥቷል። «በተሳትፎ» የሚለውም አካሄዱን ነው የሚነግረን። ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም አዳምጦ የራሱን ሐሳብ ቢያጸድቅ ደንቡን ጥሰሃል የሚለው የለም። አድራጊውን መልሱት፦ «የየክፍሉ ሠራተኞች የሥራ ፈረቃቸውን በድምፅ ብልጫ ይወስናሉ።»

ምናልባት የፈለጋችሁት ሐሳብ መስማት ብቻ ከሆነ «ሥራ አስኪያጁ ሠራተኞችን ያማክራል» ለማለት አትቸኩሉ። «ሐኪም አማከረ» ስንል ሰውየው ምክር ጠየቀ ማለታችን ነው፤ «አማካሪ» ስንል ግን ምክር ሰጪውን ነው። ግሡ ሁለቱንም ወገን ስለሚያገለግል አንባቢ አስኪያጁ ሠራተኛውን የሚመክር ሊመስለው ይችላል፤ በምክር መስጫ ክፍል አንቀጽ ውስጥ ቢገባማ በርግጥ እንደዚያ ነው የሚነበበው። «ፈረቃ ከማውጣቱ በፊት የሠራተኞችን አስተያየት በጽሑፍ ይቀበላል» ግልጽ ነው። «ከሠራተኞች ጋር ይመካከራል» የሁለት ወገን ንግግር መሆኑን ያሳያል፤ ካልተስማሙ የማን ቃል እንደሚጸና ግን ሌላ ዐረፍተ ነገር ይጠይቃል።

«በጋራ ይወስናሉ» የሚለውም ያው ጉድለት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የጀርመን ሕግ ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ባላቸው ኩባንያዎች የተቆጣጣሪ ቦርዱን ግማሽ መቀመጫ ለሠራተኞች ወገን ይሰጣል። ድምፅ እኩል ለእኩል ሲከፈልና ድጋሚ ሲሰጥም ካልተለየ ግን ሰብሳቢው ሁለተኛ ድምፅ አለው፤ ሰብሳቢው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከባለአክሲዮኖች ወገን ነው። እናንተም «ድምፅ እኩል ሲሆን…» ብላችሁ ካልቀጠላችሁ «በጋራ» ብቻውን አያስኬድም።

«ራስ ገዝ» ለክልልና ለዩኒቨርሲቲ የለመድነው ነው። ለአንድ የጥገና ሠራተኛ ግን ይገዝፍበታል፣ ትንሽም ያስቃል። «ነጻነት» ደግሞ ከምን ነጻ እንደሆነ ሳይነገር ይቀራል። «ውክልና»ን ተዉት፤ ተወካይ በሌላው ስም ነው የሚሠራው፣ ወካዩም ሊሽረው ይችላል። እኔ የምመርጠው «በራስ የመወሰን ሥልጣን» ነው። «ወሰነ» ከ«ወሰን» ጋር አንድ ሥር ስላለው ድንበር ማበጀትንም ይዟል፤ ስለዚህ ሥልጣኑ በምን ጉዳይና እስከ ምን ያህል እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ፦ «የጥገና ሠራተኛው ለአደጋ የሚያጋልጥ ማሽን ሲያገኝ ኃላፊውን ሳያስፈቅድ የማቆም ሥልጣን አለው፤ ማሽኑን መልሶ ለማስነሣት ግን የኃላፊው ፊርማ ያስፈልጋል።»

እዚህ ላይ «ያቆማል» ብትሉ ግዴታ ይሆንበታል፤ ሳያቆም ቢቀር ይጠየቃል። «የማቆም ሥልጣን አለው» ካላችሁ ምርጫው የእሱ ነው። ሁለቱንም ከፈለጋችሁ ሁለቱንም ጻፉ።