ድምፁ የጠፋው ራዲዮና የሙያሽ ጥያቄ

ሌሎችም እንዲከታተሉን ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። ኤሌክትሮኒክስ ደረጃ 4 እየተማርሽ ነው። ለትብብር ሥልጠና የተመደብሽበት የጥገና ክፍል ከመኪና የተነቀለ ሞቶሮላ ጂኤም 300 ራዲዮ ሰጡሽ። ራዲዮው ይነሳል። ጥሪ ሲመጣ የቢዚ መብራቷ ትበራለች። ስፒከሩ ግን ጭጭ ብሏል። የድምፅ ማጉያውን አይሲ (ቺፕ) ቀየርሽ፣ ለውጥ የለም። አለቃሽ «ይሄ ሥራ ላንቺ አይሆንም» አሉሽ። አንቺም «ሞባይል በሞላበት ዘመን የራዲዮ ጥገና ምን ያደርግልኛል? ትቼው ኔትወርክ ልማር?» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

እህቴ፣ እኔም ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ጥገና ክፍል ሠርቻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ራዲዮውን እንጨርስ።

ያቺ የቢዚ መብራት ብዙ ነገር ነግራሻለች። ሲግናሉ ገብቷል ማለት ነው። የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ሶልደር ከማንሳትሽ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጊና የሞኒተር ቁልፉን ተጫኚ። ሽሽታ ከተሰማ ማጉያውም ስፒከሩም ደህና ናቸው። ያኔ ችግሩ የቶን ኮዱ፣ ማለትም ራዲዮው የራሱን ቡድን ጥሪ የሚለይበት ምልክት፣ አለመግጠም ሊሆን ይችላል።

ሽሽታም ከሌለ ራዲዮውን አዙሪውና ጀርባውን እዪ። ባለ 16 ፒን ሶኬት አለ። የዚህ ራዲዮ የውስጥ ስፒከር የሚሠራው 15ኛውና 16ኛው ፒን በጃምፐር (በአጭር ማገናኛ ሽቦ) ሲገናኙ ነው። ጃምፐሩ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ በሚሰካው መሰኪያ ውስጥ ነው። መኪናው የውጭ ስፒከር ካለው እሱም የሚገባው በዚሁ ሶኬት ነው። እና ራዲዮው ሲነቀል መሰኪያው የት ቀረ? እኔ የምጠረጥረው መኪናው ውስጥ ነው። እንዲህ ከሆነ ጠረጴዛሽ ላይ ያለው ራዲዮ አይሲው አዲስ ቢሆንም ባይሆንም አይጮኽም። ሹፌሩ መጀመሪያ ያመለከተው ብልሽትም ምናልባት እዚያው መኪናው ውስጥ፣ በላላ መሰኪያ ወይም በተቆረጠ የስፒከር ሽቦ ላይ ይሆናል። መኪና ይንቀጠቀጣል፣ ሽቦ ይፈታል።

ስፒከሩን ራሱን ደግሞ ነቅለሽ በቴስተር ለኪው። 8 ኦም የተጻፈበት ስፒከር 6 ወይም 7 አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ጥቅልሉ ተቆርጧል።

አንድ ነገር አደራ። ከሁለቱ የስፒከር ሽቦዎች አንዱንም ከራዲዮው ቦዲ ጋር አታገናኚ። ማጉያው ሁለቱንም ሽቦዎች ስለሚነዳ አንዱን ቦዲ ማስነካት ማጉያውን ማቃጠል ነው። የኦሲሎስኮፕ (ሲግናልን በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) ግራውንድ ክሊፕንም ከሽቦዎቹ በአንዱ ላይ ማድረግ ያው ነው። አዲስ አይሲ የሚያቃጥሉ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ አንቺ። ያጠፋሽው ቅደም ተከተሉን ነው። ሳትለኪ ቀየርሽ። ይሄ የሚታረም ነገር ነው። «አይሆንልሽም» የሚያስብል አይደለም፣ አለቃሽ እዚህ ላይ በደሉሽ ብዬ አምናለሁ። አይሲ መቀየር እጅ ይጠይቃል። ብልሽቱን ማግኘት ነው ቴክኒሺያን የሚያሰኘው።

ራዲዮስ ሞቷል? አልሞተም። አየር ማረፊያ፣ ጥበቃ፣ አምቡላንስ፣ ኔትወርክ የማይደርስበት ገጠር የሚሄዱ የእርዳታ መኪኖች አሁንም በራዲዮ ይገናኛሉ። በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት የአደጋ ጊዜ ኮሙኒኬሽን ቅንጅትን የሚመራው የዓለም የምግብ ፕሮግራም ነው፣ የሥራ ማስታወቂያቸውን ተከታተይ። ኔትወርክ ተማሪ፣ ግን ራዲዮውን ሳትተዪ። የአውሮፓው ዲኤምአር የዲጂታል ራዲዮ ስታንዳርድ ከወጣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዲጂታል ራዲዮ ተስፋፍቷል። ሪፒተሮችም (ሲግናል ተቀብለው ራቅ አድርገው የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች) በአይፒ፣ ማለትም በኮምፒውተር ኔትወርክ፣ ይያያዛሉ። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ተፈላጊ ነው። ሲኦሲሽንም (የሙያ ብቃት ምዘናሽን) በጊዜ ተፈተኚ።

ደብተር ግዢ። ለእያንዳንዱ ራዲዮ የመጣበትን ችግር፣ የለካሽውን ቁጥር፣ ያገኘሽውን መንስኤ ጻፊ። ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ ይዘሽው ግቢ። ልምድ የለሽም ሲሉሽ ክፈችላቸው።

የመጀመሪያው ገጽ የዚህ ጂኤም 300 ይሁን። ሰኞ ስትገቢ ሹፌሩን አስፈቅጂና ዳሽቦርዱ ሥር ያንን መሰኪያ ፈልጊ። ያገኘሽውን ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።